ተውኩትን ማን ይግራው?

በሕይወቴ የውሻ ገሪ የመረጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምርጫዬ ግን እስከ ዛሬ አይታማም። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ይህ ታሪክ ሳይነሳ አይቀርም፤ ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን የእኔ ሳቅ ከሌላው ሰው ቀድሞ ያልቃል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ኮርያ የዘመቱት ወደየአገራቸው ከተመለሱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታችን ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ደብር በታች፣ የድጓ ተማሪዎች ዜማ በነፋስ ከሚደርስበት ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቴ ጣሰው ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ በጎችም አሉት። ከአባቴ፣ ከእናቴና ከእኔ ጋር የአባቴ ታናሽ እህት የሻረግ ትኖር ነበር። እኔ እታለም ነው የምላት።

እታለም ስማዳ ተድራ ሄዳ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቡችላ በጉያዋ ሸጉጣ፣ ሌላ ምንም ሳትይዝ ተመልሳ መጣች። ለምን መጣሽ ብላት «ስለናፈቅሽኝ» አለችኝ። አመንኳት፤ ቡችላውንም ለእኔ ያመጣችው መሰለኝ። ግንባሯ ላይ ከቅንድቧ ከፍ ብሎ አዲስ ጠባሳ ነበራት። ስማዳ ውስጥ ያገቡ ሴቶች የሚያጌጡበት ነገር ስለመሰለኝ፣ ሳድግ ለእኔም እንዲሠሩልኝ እናቴን ለመንኳት። እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ለቡችላው ተውኩት የሚል ስም ያወጣችለት እታለም ናት። ዓርብ ዓርብ የስማዳ ሰዎች በደጃችን አልፈው ወደ አርብ ገበያ ሲሄዱ፣ እታለም አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ትወጣና ድምጿን ከፍ አድርጋ «ተውኩት! ኧረ ተውኩት!» እያለች ትጣራለች። ውሻው እግሯ ሥር ተኝቶ ምን ፈለገች ብሎ ያያታል። እኔ ጆሮው የደነቆረ መስሎኝ አብሬያት እጮሃለሁ። ከመንገደኞቹ መካከል አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ እርምጃውን ያፈጥናል። ለቀድሞ ባሏ በዘመዶቹ በኩል መልእክት እየላከች እንደነበር የገባኝ፣ እኔው ራሴ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው።

የምንተኛው በአንድ መደብ ላይ ነበር፣ እታለምና እኔ፤ ተውኩት ደግሞ ከመደቡ ሥር። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ እግሬ ሲበርደኝ በእግሮቿ መካከል አስገብታ የምታሞቀኝም እሷ ናት። እናቴን እወዳታለሁ፤ እታለም ግን የእኔ ነበረች።

ተውኩት ከበጎች መካከል አድጎ ጎረምሳ ሲሆን ለሥራው ያለው ፍቅር ልክ አጣ። አንዲት በግ ከመንጋው ከራቀች ሄዶ እያጣደፈ ይመልሳታል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ጣጣው የመጣው የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ስለሚለብሱ ነው። ተውኩት ዘንድ የበግ ቆዳ የለበሰ ሁሉ በግ ነው፤ ያውም የጠፋ በግ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፋችን ላይ ሲቆም፣ ከኋላው ይመጣና ደበሎውን በጥርሱ ይዞ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ፣ ተረከዙን እየተከተለ ጉረኖ ያስገባዋል። አይነክስም። ካስገባው በኋላ በሩ ላይ ይተኛል፤ ጉረኖ የገባ በግ ደግሞ እረኛ ካልመጣ አይወጣም።

አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ አጨዳ ውሎ ሲመለስ ከጉረኖው ውስጥ ዜማ ተሰማ። ወልደማርያም የሚባል ትንሽ ተማሪ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር። ምን ያድርግ፣ የዕለት ትምህርቱን ለበጎቹ ሲያዜም ዋለ። አባቴ ሲያወጣው ልጁ «ይችኛዋ ጥቁሯ በግ ዜማውን ከእኔ ቀድማ ሳትይዘው አትቀርም» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ወዲያው ማልቀስ ጀመረ።

በማግስቱ የዜማው መምህር የኔታ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው መጡ። አባቴ ተንደርድሮ መስቀል ተሳለመ።

«ልጄ ጣሰው፣» አሉ የኔታ፣ «ውሻህ ቅን ነው፤ ይህን አልክድም። ሰውና በግ መለየት ግን አቅቶታል። ተማሪዎቼ ወደዚህ መንደር ሂዱ ስላቸው ሌላ መንደር ይሄዳሉ። ልጆቹ ሊራቡብኝ ነው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ። ገሪ እፈልግለታለሁ። እስከ ጥምቀት ካልታረመ ለቆላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ወርዶ ማሽላውን ከዝንጀሮ ይጠብቅ።»

ቆላ ማለት ለእኔ የሄደ የማይመለስበት አገር ነበር። ተውኩትን የሚገራ ጥሩ ሰው ከማግኘት የበለጠ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን ይመላለሱ ጀመር። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ ግቡ ቢባሉ «ቃል ካልሰማን አንቀመጥም» ይላሉ። እኔ ሽማግሌ አይቼ የማውቀው የጎረቤት በሬ ሰብላችንን በበላ ጊዜ ለዕርቅ ሲመጡ ነው። ስለዚህ የመጡት በተውኩት ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ቤተ ክርስቲያን የተቀየመችበት ውሻ መቼም ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ሦስት ጊዜ መጡ፤ በሦስት ሰዎች ስም። ሦስቱም ሰዎች ደግሞ የውሻው ወሬ ደርሷቸው «እሱን ለእኔ ተዉት» ብለዋል ተባለ።

አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ባቄላ ስፈለፍል አባቴና እታለም ውስጥ ያወራሉ።

«ሦስቱም ጠይቀዋል» አለ አባቴ። «እንደ ፊተኛው ሳላማክርሽ አልወስንም። ምረጪ።»

«መጀመሪያ ውሻውን ይግሩት» አለች እታለም።

«ምን አልሽ?»

«ገሪ ትፈልግ የለም እንዴ፣ ጋሼ? እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሞክሩት። ከዚያ እመርጣለሁ።»

አባቴ «አንቺ ልጅ እኮ ጉድ ነሽ» ብሎ ሳቀ። እኔ ለውሻዬ እንዲህ ስለተቆረቆረች ልሄድና ላቅፋት ቃጣኝ።

ከዚያ ጠራችኝና እጆቼን ያዘች። «ብርነሽ፣ እኔ ሰዎቹ ሲመጡ ከጓዳ መውጣት አይገባኝም። ዓይን ትሆኚኛለሽ። ያየሽውን ሁሉ አንድም ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ።» ለምን መውጣት እንደማይገባት መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሹመቱ አስክሮኝ ረሳሁት።

መጀመሪያ የመጡት አሥር አለቃ ይግዛው ናቸው፤ ኮርያ ዘምተው የተመለሱ፣ ኒሻን ደረታቸው ላይ፣ ጫማ እግራቸው ላይ። ግቢው መካከል ቆመው «ተጠንቀቅ!» ብለው ጮኹ። አባቴ ቀጥ አለ፤ እኔም ቀጥ አልኩ። ተውኩት ጭራውን ቆላ። «ውሻ ማለት፣» አሉ አሥር አለቃ፣ «እኛ በነበርንበት የባዕድ መኮንኖች ውሻ በጣት ይታዘዛል። ያውም በበረዶ!» ከበረዶው ወደ መርከቡ፣ ከመርከቡ ወደ ኮረብታው ውጊያ አለፉ። ጥሩ ነው የሚያወሩት፣ አፌን ከፍቼ ነው ያዳመጥኩት። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ጠላው አለቀ፤ እሳቸውም ሄዱ።

«እህሳ?» አለችኝ እታለም።

«ወሬያቸው ይጥማል። ውሻውን ግን አላዩትም።»

«አንዴም?»

«አንዴ አዩት፤ ጫማቸው ላይ ሲሸና።»

እታለም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የአሥር አለቃ ይግዛው ነገር በዚሁ አበቃ።

ቀጥሎ ጥጋቡ መጣ። ጥጋቡ በሬ ገሪ ነው፤ እልኸኛውን ወይፈን ቀንበር የሚያስለምድ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ስሙ ከጋይንት እስከ እስቴ የሚጠራ ሰው። አባቴ በጣም ይወደው ነበር። ወሬ አላበዛም። ተውኩትን በጠፍር ከችካል ጋር አሰረው፤ ፊት ለፊቱ ደበሎ ዘረጋ፤ ከዚያ አለንጋውን አወጣ። ተውኩት ወደ ደበሎው ባየ ቁጥር አለንጋው ያርፍበታል። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ አለቃቀሰ፤ በመጨረሻ መሬት ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። ጥጋቡ ጠፍሩን ፈታው። ውሻው አልተንቀሳቀሰም።

«ይኸው ተገራ!» አለ አባቴ ተደስቶ።

«በሬም ይሁን ውሻ፣ ማን እንደሚበልጠው ካወቀ አለቀ» አለ ጥጋቡ እጁን እየጠረገ። «በቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እንደዚያው ነው።»

ማታ እታለም ፀጉሬን ስትፈታ ነገርኳት። «ተውኩት ዝም ብሏል፤ ግን ዓይኑን ከአለንጋው ላይ አይነቅልም። ጥጋቡ አለንጋውን አስቀምጦ ራሱን ሊያክ እጁን ቢያነሳ እንኳ ተውኩት ተሸማቀቀ።»

የእታለም ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ።

«እጁን ለሌላ ነገር ሲያነሳም?»

«ለሌላ ነገር ሲያነሳም። ቂጣ ሲያነሳም።»

ከኋላዬ ስለነበረች ፊቷን አላየሁም፤ እንባዋ ግን ማጅራቴ ላይ ጠብ አለ። ለተውኩት አዝና ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ። አሁን ሳስበው፣ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነበር።

በማግስቱ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ አንድ ግልገል ወሰደ። ተውኩት ከጥግ ሆኖ እያየ አልተነሳም። አባቴ ግን «ይለምዳል፤ ጊዜ ስጡት» አለ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ «የሚለምደው ምንድን ነው?» አለችው።

ሦስተኛው ተሻገር ነው። ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ የሚያርስ፣ ሞፈርና ቀንበርም የሚጠርብ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ድጓ ጀምሮ ነበር። ለምን እንደተወ ሲጠየቅ «ማኅሌት ላይ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ እንኳ ስለ እሱ ሲናገሩ ፈገግ ይሉ ነበር። ያን ቀን አሮጌ ደበሎውን ለብሶ ብቅ አለና በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ በአገጩ ወደ ውሻው ጠቆመ።

«እመቤት፣ የጌታው ስም ማን ይባላል?»

«ተውኩት» አልኩት።

ወደ ጓዳው ግድግዳ ዞር ብሎ አየና «ደግ አደረግሽ» አለ። እኔ ለእኔ መስሎኝ «ስሙን ያወጣችው እታለም ናት» አልኩት። «አውቄያለሁ» አለ።

ከዚያ ምን ሠራ? ምንም። ከተውኩት ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ የገብስ ቂጣ እየቆረሰ በላ፤ እየበላ አወራ። ስለ ሞፈር አወራ፤ በተማሪነቱ ስለነከሱት ውሾች አወራ፤ ባቱን ገልጦ የጥርሶቹን ምልክት አንድ በአንድ በየመንደሩ ስም ጠራ። አልፎ አልፎ ቁራሽ ወደ ኋላው ይወረውራል። በማግስቱም ተመልሶ እንደዚያው አደረገ። አባቴ ተሰላቸ። «ይህ ሰው ቂጣችንን ሊጨርስ ነው የመጣው» አለ። ቂጣው ግን የራሱ ነበር።

ተውኩት ቀስ በቀስ ከጥጉ ወጣ። መጀመሪያ ቁራሹን በላ፤ ከዚያ ጀርባውን አሸተተ። አንድ ቀን በድንገት የተሻገርን ደበሎ በጥርሱ ያዘና መጎተት ጀመረ። እኔ በፍርሃት ጮህኩ። ተሻገር ግን ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ተመስገን! ጎተተኝ! ዛሬስ ጎተተኝ!» እያለ በአራት እግሩ እየዳኸ ጉረኖ ገባ፤ ገብቶም «ባ-ኣ-ኣ» አለ። በጎቹ መለሱለት።

«ሰውዬ፣ ይኸን እንዲተው አይደል ወይ የጠራንህ?» አለ አባቴ።

«ጋሽ ጣሰው፣ መጀመሪያ ውሻ ይሁን። ውሻ ከሆነ በኋላ እናስተምረዋለን» አለ ተሻገር ከበጎቹ መካከል ሆኖ።

ይህን ጊዜ ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። የእታለም ሳቅ ነው። ከስማዳ ከተመለሰች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ተሻገር ጉረኖው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ፀጉሩ ላይ ገለባ ተሰክቶበት፣ ወደ ጓዳው ግድግዳ ማየት ብቻ ሆነ። በግ መሆኑን የረሳ መሰለኝ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ተውኩት ደበሎውን ሲይዝ ተሻገር ቁጭ ይላል፤ የተቀመጠ በግ መንዳት አይቻልም። ሲለቀው ወዲያው «ጎሽ!» ይለውና ቁራሽ ይሰጠዋል። ደግሞ ይቆማል፤ ደግሞ ይይዘዋል፤ ደግሞ ይቀመጣል። እየዋለ እያደረ ተውኩት ገባው፦ ደበሎ የለበሰ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ቂጣ አለው።

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ የአባቴና የእታለም ድምፅ ከውስጥ ከፍ ብሎ ሰማሁ።

«ጥጋቡ ቤቱ ሙሉ ነው» ይላል አባቴ። «እሱ ዘንድ ምን ይጎድላል?»

«ፊትም ሙሉ ቤት ነበር የገባሁት።»

«ተሻገር እኮ ጨዋታ ብቻ ነው የሚያውቅ!»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ገሪ የሆነው ሰው ውሻውን ወደ ቤቱ ይወስደዋል ማለት ነው! ጥጋቡ ተውኩትን ሊወስደው ነው! እየሮጥኩ ገብቼ አባቴ ፊት ቆምኩ።

«ጥጋቡ አይሁን፣ አባባ! እሱ ዘንድ ሲኖር ቀኑን ሙሉ እጁን ብቻ ሲያይ ይኖራል! ተሻገር ይሁን። ተሻገር ስሙን ጠይቋል። ሲያጠፋ አይመታውም፤ ሲያስቸግረው ይስቃል!»

አባቴ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ፤ ግን አልተቆጣኝም። እታለምን አየ፤ የእታለምን ግንባር አየ። ከመደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሰማኸው፣ ጋሼ?» አለች እታለም ቀስ ብላ። «እኔ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።»

«ተሻገር ይሁን» አለ አባቴ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። አባቴ አንስቶ ሳመኝ፤ ጢሙ እርጥብ ነበር።

የከተራ ዕለት የቤተ ልሔም ተማሪዎች ከየኔታ ገብረ ሚካኤል ኋላ በደጃችን አለፉ፤ ረጅም ሰልፍ፣ ሁሉም ደበሎ የለበሱ። መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ። ተውኩት መንገዱ ዳር ወጣ፤ አያቸው፤ ጭራውን አፈር ላይ እየጠረገ ቁጭ አለ። ወልደማርያም ከአኩፋዳው ቁራሽ አውጥቶ በሩቁ ወረወረለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ ከለመኑት ላይ ለተውኩት ማካፈል ግድ ሆነባቸው፤ የኔታም ይህን እንደ ግብር ቆጥረውት ተቀበሉት።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ቤታችን ተደገሰ። በግ ታረደ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ የኔታ መጡ። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ እንዲህ እንደሚደገስለት ሰምቼ ስለነበር፣ የተውኩት ምርቃት ነው ብዬ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩለት። የፈት ሠርግ ብዙ ጭፈራ ስለሌለበት ጥርጣሬዬን የሚያነሳሳ ነገር አልነበረም። እታለም አዲስ ቀሚስ ለብሳ እጅግ አምሮባት ነበር። ጠርታ አቀፈችኝ፤ አጥብቃ፣ ደጋግማ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት፤ እኔ ያሰብኩት ስለ ተውኩት ነው።

ከዚያ ተሻገር ሁለት በቅሎ አስከትሎ መጣ። በቅሎዎቹን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ውሻዬን ሊወስደው መጥቷል። ማንም ሳያየኝ ተውኩትን በክሩ ይዤ ጉረኖ ውስጥ ገባሁ፤ ከጥቁሯ በግ ኋላ ተደበቅሁና አፉን በእጄ ያዝኩት። ዕልልታ ተሰማ። «ብርነሽ! ብርነሽ የት ሄደች?» የሚል የእታለም ድምፅ ተሰማ፤ አልመለስኩም። ደጋግማ ተጣራች። ሌላ ሰው «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይመሻል» አለ። የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ዕልልታው ራቀ፤ ወደ ወንዙ ወረደ። ተውኩት እጄ ላይ አለ። አሸነፍኩ ብዬ ሳቅሁ።

ስወጣ እናቴ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«እታለምስ?»

«ወደ ቤቷ ሄደች።»

«ቤቷ እዚህ አይደለም?»

እናቴ መሳቅ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። እጇን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጋች። ሁለት በቅሎዎች ወንዙን ሊሻገሩ ደርሰዋል፤ በአንደኛዋ ላይ ያ አዲስ ቀሚስ አለ። እታለም ወደ ኋላ ዞራ ወደ ቤታችን ታይ ነበር።

ክሩን ከተውኩት አንገት ላይ በጠስኩት። «ሂድ!» አልኩት። «ሂድ፣ ያዛት! ጎትተህ መልሳት! ጉረኖ አግባት!» ገፋሁት፤ ጮህኩበት፤ ወደ ወንዙ እየጠቆምኩ ለመንኩት። ተውኩት ወንዙን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ እንደተማረው ፊቴ ቁጭ ብሎ ቂጣ ጠበቀ።